ሃያ አምስት ዶቃና አንድ እጅ

እትዬ ዶቃ ይሏታል። የወጣላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን ቁጥር ያስተማረችው በዶቃ ስለሆነ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። እሷም አልከፋትም።

ትምህርቷ ቃል የለበትም። ምንጣፍ ትዘረጋለች፣ ልጆቹ ዙሪያውን ቁጭ ይላሉ፣ እሷ ዝም ብላ በእጇ ታሳያለች። አምስት አምስት ዶቃ የተሰካባቸው አምስት የሽቦ ዘንጎች በትንንሽ ቀለበቶች ተያይዘው አንድ ሰንሰለት ሆነዋል። መጀመሪያ ሰንሰለቱን በርዝመቱ ታስተኛዋለች። ከዚያ ዘንጎቹን አንድ ባንድ ወዲህና ወዲያ እያጠፈች ታጠጋጋቸዋለች፤ ያ እንደ እባብ ተጋድሞ የነበረው ነገር በልጆቹ ፊት አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ካሬ ይሆናል። አምስት፣ አምስት ጊዜ፣ ሃያ አምስት። ይሄኔ በመገረም የማይጮህ ልጅ የለም። ካወራች ልጁ አፏን ያያል፤ ዝም ካለች ግን እጇን ያያል፣ ያየውንም አንድ ሳያስቀር ይደግማል። በዚህ ቀልድ አታውቅም። ሰንሰለቱን በግራ እጁ ያነሳ መምህር አይታ ሳምንት ሙሉ ያኮረፈች ሴት ናት።

መንቀጥቀጡ የጀመረው ከቀኝ አውራ ጣቷ ነው። መጀመሪያ ድካም ነው አለች፣ ቀጥሎ ብርድ ነው አለች፣ ብርዱ ሲያልፍ የምትለው ጠፋት። እጇ አንድ ነገር ለማንሳት ተዘርግቶ አየር ላይ ሲቆይ አውራ ጣቷ ከሌባ ጣቷ ጋር ይፋተጋል፤ የማይታይ ክር የምትፈትል ይመስላል። ዕቃውን ከጨበጠች በኋላ ይተዋታል።

ይህንን ነገር ታውቀዋለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገቡ መነጽር የማይፈልጉ፣ በሰፈሩ የተመሰገኑ ሰው። የእሳቸውም የጀመረው ከአውራ ጣት ነው። መጨረሻ ላይ ለስንቱ ሰው ቁልፍ የተከሉ ሰውዬ የገዛ ሸሚዛቸውን መቆለፍ አቅቷቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው ይቆሙላት ነበር፤ የምትቆልፍላቸው እሷ ነበረች። ያን ጊዜ ዓይናቸውን አታይም፤ ቁልፉን ብቻ ታያለች።

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ አንድ ቀን ሰሐን ስታቀብላት ነቃችባት።

«እጅሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም። በርዶኝ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«እህቴ፣ ተይኝ በቃ።»

«እኔስ ተውኩሽ። አባባን የያዘው ነገር ግን የሚተውሽ ይመስልሻል? ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩሽ።»

እትዬ ዶቃ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሐኪም ቤት ከሄደች በሽታው ስም ያገኛል፤ ስም ካገኘ ወረቀት ይወጣለታል፤ ወረቀቱ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ እጅ ብቻ የሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ እጇ የታመመ ሴት ምን ትሠራለች? ልጆቹን ይወስዱባታል። ከዚያ ክፍል ውጪ ደግሞ ራሷን የት እንደምታገኘው አታውቅም።

ስለዚህ መደበቅ ጀመረች። የማትሠራበት ጊዜ ቀኝ እጇ ከሽርጧ ኪስ አይወጣም። ዶቃ ደግሞ አሳባቂ ነው፤ የተቀመጠበትን ትሪ ስትይዝ ይንሿሿል። ትሪውንም ከሆዷ ጋር አጣብቃ መያዝ ለመደች። መቶ ዶቃ ያለውን የአሥሩን ሰንሰለት «ቆይ ሌላ ቀን» እያለች ከመደርደሪያው ማውረድ ተወች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ክው ትላለች።

አንድ ማክሰኞ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመ። ጨዋ ሰው ነው፣ እንደ እናቱም ያከብራታል።

«እትዬ፣ ሐሙስ ዕለት ለልምምድ የመጡ ሁለት መምህራን ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ምን ያደርጋሉ፣ እጅዎን እንዲያዩ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች፤ እሱ ሲሄድ ግን ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች አንዱ ላይ ዘፍ አለች። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣላት፤ ዘዴው ባይመጣላት ይሻላት ነበር። ሐሙስ ዕለት እሷ አትሠራም። ሚጢጢ ትሠራለች። ሚጢጢ የሚሏት ከክፍሉ ሁሉ በቁመት የምታንሰው ልጅ ናት፤ የአምስቱን ሰንሰለት ግን ከማንም በላይ ትችለዋለች።

ሐሙስ ደረሰ። ዳይሬክተሩና ሁለቱ እንግዶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ አንደኛዋ ወጣት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛለች። እትዬ ዶቃ እጇን ኪሷ ከታ፣ በአገጯ ሚጢጢን ጠቆመች። ተንፈስ አለች፤ ያለፈላት መስሏት ነበር።

ሚጢጢ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ እጇን ወደ ሰንሰለቱ ዘረጋች። ከመያዟ በፊት ግን አየር ላይ አቆመችው። አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ ጋር አፋተገች፣ እጇን ቶሎ ቶሎ አንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ሰንሰለቱን አነሳች። ዘረጋችው። የመጀመሪያውን ዘንግ ለማጠፍ ስትል አሁንም እጇ አየር ላይ ቆሞ ተንቀጠቀጠ። ፊቷ ላይ ቅንጣት ቀልድ የለም። ዙሪያውን የተቀመጡትም ተራቸው እስኪደርስ ባዶ እጃቸውን እንዲሁ ያለማምዱ ነበር፤ ከሚጢጢ ጋር አሥራ አራት ትንንሽ ቀኝ እጅ፣ አሥራ አራቱም የእትዬ ዶቃ አባት እጅ።

ላብ አጠመቃት።

«ይቅርታ» አለች ባለደብተሯ ወጣት በሹክሹክታ፤ «ዘንጉን ከመንካቷ በፊት እጇን የምታንቀጠቅጠው ለምንድን ነው?»

ሚጢጢ ቀና አለች። «እንደዚህ ነዋ የሚሠራው። ቲቸር ናት ያሳየችን።»

«ጣት ማፍታቻ መሆን አለበት» አለ ዳይሬክተሩ፤ «አይደል እትዬ?»

«እንዴት ጥሩ ነገር ነው!» አለች ወጣቷ፣ መጻፍም ጀመረች።

እነሆ መውጫ። አዎ ብትል አለቀ፤ ማንም አይጠረጥራትም፣ እንዲያውም ያመሰግኗታል። አዎ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተቀምጧል። የወጣቷ እስክሪብቶ ግን እየሮጠ ነው። የተጻፈው ነገ ሌላ ክፍል ይገባል፣ በሌሎች ልጆች እጅ ላይም ይወጣል፤ እሷ የፈራችው ነገር ትምህርት ተብሎ ይሰጣል። ሃያ ስምንት ዓመት በልጅ እጅ ላይ ስሕተት ትታ አታውቅም።

እጇን ከኪሷ አወጣች። ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከወትሮውም ብሶበት።

«አይደለም» አለች። በዚያ ምንጣፍ ላይ ድምፅዋ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። «ሰርዢው የኔ ልጅ። ትምህርቱ ውስጥ የለም። እጄን አሞኝ ነው።»

የእስክሪብቶው ድምፅ ቆመ።

ሚጢጢ የራሷን እጅ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ቲቸር፣ እኔንም አሞኛል?»

እትዬ ዶቃ አጠገቧ ተንበረከከች።

«አንቺን አላመመሽም፣ እናቴ።»

«ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«አንቺ ነሽ የምታንቀጠቅጪው። እስቲ አቁሚው።»

ሚጢጢ አቆመችው። ትንሿ እጅ ቀጥ አለች። ልጅቷ ደስ ብሏት ሳቀች፣ ከዚያም የመምህሯን እጅ አየች።

«እሺ፣ አንቺም አቁሚው» አለቻት።

እትዬ ዶቃ እጇን ምንጣፉ ላይ፣ ከሃያ አምስቱ ዶቃ አጠገብ አኖረችው። ትንፋሿን ያዘች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ባላት ኃይል ሁሉ ልታቆመው ታገለች፤ አልቆመም። አሥራ አራቱ ልጆች ዝም ብለው እጇን አዩ።