ወጥ ሠሪ ብዬ የመዘገብኳት ሴት

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሴቶች ላይ ያዳላል ሲባል በሰማሁ ቁጥር እጄን ማውጣት ያምረኛል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የነበረውን አንዱን።

ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ሃያ ዓመት ያህል የሠራተኛ መዝጋቢ ነበርኩ። አጫጆቹ በየዓመቱ ከመተማ ተሻግረው፣ አሥር አሥር ሆነው ይገቡ ነበር። የባለቤቱ ደንብ አንድ ነው፤ ወጥ ሠሪ ያልተመዘገበለት ቡድን የማሽላ ዱቄት አያገኝም። ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ ሴት ካየሁ ሳልጠይቅ “ወጥ ሠሪ” ብዬ እጽፋለሁ። ዱቄቱ ይወጣል፣ ሁሉም ይበላል፣ እኔም ደግ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ዓመት አታጓድልም። ማለዳ የቡድኑን ገንፎ ትሠራና ማጭዷን ይዛ ከወንዶቹ እኩል ትወጣለች። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከቆየ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። እሷ የያዘችው መስመር አይረግፍም። ነዶዋን በድርብ ጥምጥም ስለምታስር የነዶ ክምሯን፣ ሂላ የምንለውን፣ ነፋስ አይጥለውም። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ አሥራ አንድ ዓመት “ወጥ ሠሪ” ብዬ ጻፍኳት።

ኋላ ባለቤቱ ከካርቱም አንድ መሐንዲስ ከነኮምፒውተሩ አስመጣ። የድሮ መዝገቦቼን አስገባበትና ማን የት እንደሚመደብ ማሽኑ ይናገር ጀመር። በዚያው ዓመት ያቺ ሴት ዘጠኝ ሴቶች አስከትላ መጣች። ባለፈው መኸር ከመካከላቸው አንዷ በወንዶች ካምፕ ብቻዋን ተመድባ ነበር፤ የደረሰባትን ማንም በግልጽ አላወራውም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። አሥሩም አንድ ላይ ሊያጭዱ፣ አንድ ላይ ሊያድሩ ተማምለው ነበር። ማሽኑ አሥሩንም ወጥ ሠሪ አድርጎ በአሥር ካምፕ በተናቸው።

መሐንዲሱ ማሽን አያዳላም፣ ያየውን ነው የሚደግመው አለኝ። እውነቱን ነበር፤ የከፋኝም ለዚህ ነው። ሴትዮዋ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች፤ እዚያ ጸሐፊን ሁሉ “ኡስታዝ” ነው የሚሉት።

“ኡስታዝ፣ ይሄ ዕቃ እኔን ያውቀኛል?”

“አያውቅሽም፣ እቴ።”

“ታዲያ ስለ እኔ ማን ነገረው?”

ስለ ፍትሕ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ። እንዲህ አጭር ጥያቄ አልገጠመኝም። ከተበተኑ ዛሬውኑ ወደ መተማ እንደሚመለሱ ነግራኝ፣ መልሴን ሳትጠብቅ ወጥታ ጥላ ስር ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች።

መዝገቦቹን ከሳጥን አወጣሁ። ባለቤቱ በሚወድቅ ሂላ ስለሚቆጣ በየመዝገቡ የኋላ ገጾች የቆመውንና የወደቀውን በአስተሳሰሩ እየለየሁ እጽፍ ነበር። በአሥራ አንዱም ዓመት አንድም ሂላ ያልወደቀበት “ድርብ ጥምጥም” ነው። የማን እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። መሐንዲሱ ያስገባው ስምና ሥራ የጻፍኩባቸውን የፊት ገጾች ብቻ ነበር፤ ስለ ኋላዎቹ ማንም አልነገረውም። አጠገቡ ተቀምጬ ጥምጥሙ የማን እንደሆነ፣ የፊቱ ገጽም የእኔ ውሸት እንደሆነ ነገርኩት። ስለ ሌሎቹ ሴቶች ጠየቀኝ። አላውቅም፣ ጠይቄ አላውቅም አልኩ። ያን ጊዜ መሐንዲሱ እኔ “ወጥ ሠሪ” ያልኳቸውን ሴቶች ሁሉ ሥራ ሰርዞ ባዶ ተወው። ማሽኑ ስለ ሴቶች ምንም የማያውቅ ሆነ፤ ከቀድሞው እውቀቱ ይሻል ነበር።

ሰዎች ማሽኑን ይረግማሉ። እኔ አመሰግነዋለሁ፤ ይሉኝታ ስለሌለው ሃያ ዓመት የደበቅሁትን በአንድ ጠዋት አወጣብኝ። ከእሱ ይልቅ ግን ባለውለታዬ እሷ ናት። ሌላ ሰው ብትሆን ማሽኑን ሰድባ ትሄድ ነበር፤ እሷ ግን እኔ ዘንድ መጣች።

ማሽኑ የሚበትንበት ምክንያት ስላጣ አሥሩ ሴቶች እንደ አንድ የአጫጅ ቡድን ተመድበው አንድ ሎሪ ላይ፣ ወደ አንድ ካምፕ ተጫኑ። የዱቄቱ ደንብ ግን አልተለወጠም ነበርና እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ወደ ሎሪው ቀረብኩ፤ ወጥ ሠሪ ብዬ ማንን ልጻፍ ስል ጠየቅኳት። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ መጠየቅ።

“ራስህን ጻፍ” አለችኝ።

ጻፍኩ። ዱቄቱም ወጣ።