ስድሳ በመቶ ላይ የቆመው ኮምፒውተር

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴን በቀበርኩ በወሩ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ፣ ንጉሡ አግዳሚ ወንበር ላይ በሚያንቀላፋበት ዘመን። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ማንበብ የምችለው እኔ ከማይችሉት ብሼ መገኘቴ ነው።

የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ውል በባለቤቴ ስም ነበር። እስከ ዓርብ ወደ ስሜ ካልዞረ ቤቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባልኩ። ለዚያ ደግሞ የባለቤቴ ፋይል ካለበት ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ቢሮ ሚስቱ መሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ ማጻፍ ነበረብኝ። ማክሰኞ ጠዋት ጥቁሬን ለብሼ ሄድኩ።

ወጣቱ ሠራተኛ ስሜን መዘገበና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወንበር ላይ ተደርድረን ወደምንጠብቀው ሰዎች አዞረው። ድሮ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እንባል ነበር። አሁን ሥልጣኔ ገብቷል። ስክሪኑ «ጥያቄዎ በመስተናገድ ላይ ነው፤ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» ይላል። ከሥሩ አንድ መስመር እስከ ስድሳ በመቶ አረንጓዴ ሆኗል።

«ማዘር፣ ያዩታል አይደል? እየሠራ ነው» አለኝ።

አየሁት። ቢሮው ለምሳ እስኪዘጋ አየሁት። ረቡዕም ሄጄ አየሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ቤት ገብቼ ባዶውን አልጋ ከማይ ያንን መስመር ማየቱ ይቀለኝ ነበር።

አጠገቤ ከቱላ ገጠር የመጡ አንድ አባት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩላቸው።

«ትናንትስ ምን አለ?»

«ይህንኑ።»

«ታዲያ አረንጓዴው ለምን አያድግም? በቆሎ እንኳ በሁለት ቀን ትንሽ ከፍ ይላል።»

«መስመሩ ተጨናንቆ ነው፣ አባቴ። መሣሪያ አይዋሽም» ብዬ አስረዳኋቸው። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ይህችኑ ነበር። አንዲት ሴት ተነሥታ ልትጮህ ስትል እንኳ «ተይ እንጂ፣ ስድሳ ደርሶልሻል!» ብዬ ያስቀመጥኳት እኔው ነኝ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ። ስድሳው እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ነው ብዬ ራሴን ያዝኩ። ሠራተኛው ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ የጽዳት ሠራተኛዋ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጫነችው። ትንሽ አጉረመረመና በራ። ከዚያ ሌላ ማንም አልነካውም፤ ማንም ስሙን አላስገባም። «ጥያቄዎ በመስተናገድ ላይ ነው» አለን። ስድሳ በመቶ።

ለአዛውንቱ አነበብኩላቸው።

«ገና ሳንጠይቀው?» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። ሠራተኛው ሲመለስ በር ላይ ጠብቄ ጠየቅሁት። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ኔትወርክ ከተቋረጠ ሳምንት አልፎታል። ሰው ባዶ ስክሪን ሲያይ አስተያየት መስጫው ላይ ቅሬታ ይጽፍብናል፤ ከዚያ በግምገማ እኛ እንወቀሳለን። ይህን ሲያይ ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ሲሠራ ከነበረበት ቀን ፎቶውን አስቀርተን፣ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር እንዲታይ ስክሪኑ ላይ አደረግነው።»

«ፎቶ ነው?»

«ፎቶ ነው።»

«የባለቤቴ ፋይልስ?»

«እሱማ መደርደሪያው ላይ አለ።»

«ነገ እኮ ዓርብ ነው! ቤቴን ልቀማ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ድምፄ እንዲያ ወጥቶ አያውቅም። ያስቀመጥኳት ሴትም ተነሥታ አብራኝ ጮኸች። ፋይሉ ወረደ፤ ማስረጃው በእጅ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታ። ሁሉም አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ዓርብ ውሉ ወደ ስሜ ዞረ። ዛሬም እዚያው ቤት ነው ያለሁት። በልጁ ላይ እምብዛም አልፈርድም፤ ገምጋሚዎቹን ነው የፈራው። የሚያሳፍረኝ የራሴ ነገር ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በየቢሮው «ነገ ነይ»፣ «ውጭ ቁሚ» ስባል ነው የከረምኩት። «እባክዎ» ብሎ ያከበረኝ ያ ፎቶ ብቻ ነበር። ለዚያች አንድ ቃል ብዬ ቤቴን ላጣ ነበር።