ሁለተኛውን ያጓራሁት እኔ አይደለሁም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቱላ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ረግረግ ዳር፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተሰብስበን ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል... ግን አይዘንብም። ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም።

እኔ የተጠራሁት በባለሱቅነቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው መምህርት ሁላችንንም «ባለድርሻ አካላት» አለችን። «አካሌ ሁሉ አልታዘዝም ባለኝ ዕድሜዬ ነው እንዴ ድርሻ የሚሰጠኝ?» ብዬ አጠገቤ ያሉትን አሳቅኩ። ስብሰባ ላይ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልበትም... ምን ላድርግ።

ጉዳዩ ረግረጉ ነው። ድሮ ጉማሬ የሚተኛበት ውሃ ነበር። ዛሬ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ጭቃና ሣር ብቻ ቀርቶታል። ከብት አርቢዎቹ ለግጦሽ ይፈልጉታል፤ ወጣቶቹ አጠንፍፈው ሽንኩርት ሊተክሉበት። የተጠራነው በጋራ እንዴት እንደሚያዝ ለመምከር ነበር። ሁለቱ ወገኖች ግን ሲጨቃጨቁ ውለው ለሁለት ሊገምሱት ተስማሙ።

ዘነበች ብቻ ከሁለቱም ወገን አልነበረችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ያንን ሣር እያጨደች፣ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ እየሸጠች ነው። ከተገመሰ እሷ የምትገባበት የለም።

መምህርቷ አየቻትና «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት።

«መሬቱን ይካፈሉ። ሣሩን ግን ማን ዘርቶት ነው የሚካፈሉት?»

«እትዬ ዘነበች፣ ሣር ሌላም ቦታ ሞልቷል» አለ አንዱ ወጣት።

«እስቲ አሳየኝ።»

ይሄኔ ዱካሞ ተነሳ። የአካባቢው ሽማግሌ ነው፤ የእኔም የረጅም ዘመን ጎረቤት። በሲዳማ ወግ ተናጋሪ «አፊኒ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ሰሚው ሰምቻለሁ ካላለ ነገሩ አይጸናም። ዱካሞ አርቢዎቹን ጠየቀ፤ «ሰምተናል» አሉ። ወጣቶቹም እንደዚያው። ዘነበች መሬት መሬት እያየች «ሰምቻለሁ» አለች።

ከዚያ ጀርባውን ሰጠንና ወደ ረግረጉ ዞረ።

«አፊኒ?»

ብሎ ጠበቀ። እውነት እላችኋለሁ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የቆመው። እኔ ግን ሰይጣኔ መጣብኝ። በወጣትነቴ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ለሽርሽር የመጡ አዲስ አበቤዎችን የማስበረግግባት አንዲት የጉማሬ ድምፅ አለችኝ... እጄን አፌ ላይ ገጥሜ አጓራሁ።

ሾላው ሥር ሳቅ በሳቅ ሆነ። ዘነበች እንኳ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ዱካሞ ግን ዞር ብሎም አላየኝ።

ሳቁ ሳያልቅ... መለሰ።

ከረግረጉ ነው የመጣው። ረጅም፣ ወፍራም፣ ቀስ ያለ። በጆሮዬ ከመስማቴ በፊት የተቀመጥኩበት የሾላ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ጥርሴ ድረስ ዘለቀኝ። ረግረጉ ዳር የተሰማሩት ከብቶች መጋጣቸውን ተዉና ሁሉም አንገታቸውን ወደ አንድ ባዶ ቦታ አዞሩ።

ሰዉ ግን የዞረው ወደ እኔ ነው።

«አባባ፣ ይበቃል እንግዲህ፤ ሥራ ላይ ነን» አለች መምህርቷ።

«እኔ አይደለሁም!»

«ኧረ ጋሼ፣ ይቺኛዋስ ከመጀመሪያዋም ትበልጣለች!» አለ ሣር ሞልቷል ያለው ወጣት።

በልጆቼ ማልኩ። ይብስ ሳቁ።

ያው ወጣት ሊያጋልጠኝ መሰለኝ፣ «ቆይ ሄጄ ልየው» ብሎ ወደ ሣሩ ገባ። ሣሩ ከጉልበት አያልፍም፤ ጉማሬ አይደለም ጥጃ አይደብቅም። ሲመለስ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። «ምንም የለም» አለ። ሱሪውን አየሁት... እስከ ጭኑ ድረስ በውሃ ርሷል። ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ጭቃ!

ዱካሞ ያኔ ወደ እኛ ዞረ። «ጠይቄ ተመልሶልኛል። እሱ የሚለውን ሳንሰማ አይገመስም» አለ። የሽማግሌ ቃል ነውና ማንም አልተከራከረው። ተበተንን። ረግረጉም እንዳለ አለ።

ሰኞ ጠዋት ዘነበች ለበጌ እርጥብ ሣር ይዛ ሱቄ መጣች።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ያቺ ሁለተኛዋ ባትኖር ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

«ዘነበች፣ እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ፣ ለማንም አልናገርም» ብላ ጠቀሰችኝ።

ቢጨንቀኝ ዱካሞ ቤት ሄድኩ።

«አንተስ ታምነኛለህ?»

«አምንሃለሁ። ሁለተኛው ሲመጣ አንተ እየሳቅክ ነበር።»

«ታዲያ ምን ነበር ያለው?»

«ምን ይላል? ሰምቻለሁ ነዋ ያለው።»

«ምኑን?»

«ስንገምሰው የዋልነውን ሁሉ።» በሩን ሊዘጋ ሲል ቆም አለ። «ሰምቶ የጨረሰ ደግሞ ተራው የሱ ነው።»

ልጆቼ፣ ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስደነግጥ ኖሬያለሁ... እሱ ተራው ደርሶ ሲናገር ግን እግሬ ያንን መሬት ባይነካ ደስ ይለኛል።