የድንጋዩ ድብ

ሆሳዕና ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የማክም ድሬሰር ሆኜ ስሠራ አለቃዬ አንዲት አሜሪካዊት ነርስ ነበረች፤ ሁላችንም ሲስተር ነበር የምንላት። ደርግ ክሊኒኩን ሲወርሰው አገር ለቃ እንድትወጣ ተነገራት። ሻንጣዋን እያዘጋጀች ሳለ ጠራችኝና አውራ ጣት የምታህል የድንጋይ አውሬ መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

«ጅብ ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «ድብ ነው።»

ድብ በአገራችን የለም፤ በሥዕል እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። ሲስተር ያደገችው ዙኒ የሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በሚኖሩበት አካባቢ ሲሆን፣ ድቡን የቀረጸላት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸው ነው። ከአፉ እስከ ደረቱ የተሰመረችውን መስመር በጥፍሯ እያሳየች፣ «ትንፋሹ የሚሄደው በዚህ ነው» አለችኝ። ለዙኒዎች ድብ ፈዋሽ ነው፤ የምዕራቡ አቅጣጫ ጠባቂም እሱ ነው። በጸሎት የተባረከውን ቅርጽ ማሰሮ ውስጥ ያኖሩታል፤ እንደ ምግብ የበቆሎ ዱቄትም ይሰጡታል።

«የእኔ አልተባረከም፤ ለስጦታ የተሠራ ነው። ቢሆንም መጫወቻ አይደለም፤ በክብር ያዢው» አለችኝ። በማግስቱ ሄደች።

ባለቤቴ ኤርትራ ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ከርሞ ነበር። ከሥራ ስመለስ የሚያናግረኝ ስላልነበረ ድቡን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ እራቴን እበላ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቴ አየችውና «ጣዖት ይዛለች» ብላ አወራች። ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ታሽጎ ስለነበር የምንጸልየው በየሰው ቤት ተሰባስበን ነው። ለጸሎት ይጠሩኝ የነበሩት ሴቶች በሬን ማንኳኳትም ሰላምታ መስጠትም ተዉ።

ወሬው የትውልድ መንደሬ ጊምቢቹ ድረስ ሄዶ አባቴ ጆሮ ገባ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። አስጠራኝ፤ ድቡን ይዤ ሄድኩ። እሳት ውስጥ ይጥለዋል ብዬ ነበር። ሲስተር የነገረችኝን ሁሉ ስነግረው ግን እያገላበጠ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ጌታን የተቀበልኩ ጊዜ የአባቴን የአምልኮ ዕቃዎች ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «እሱ በር ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር።»

«አያቴ ተቆጡ?»

«ምነው በተቆጣ! ዝም አለ። እስኪሞት ድረስ የልቡን አጫውቶኝ አያውቅም። በማመኔ አልጸጸትም። ግን ምን እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚያከብራቸው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም።»

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺስ፣ ታመልኪዋለሽ?»

«አላመልከውም አባባ። ጠረጴዛ ላይ የማቆመው ቤቱ ጭር ሲልብኝ ነው።»

ድቡን መለሰልኝ። በሚቀጥለው እሁድ በእግሩ ሆሳዕና ድረስ መጥቶ፣ ለጸሎት በተሰበሰብንበት ቤት ሁሉም እያየ አጠገቤ ተቀመጠ። ሴቶቹ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ በሬን ግን አላንኳኩም። ባለቤቴም አልተመለሰም። አባባ እግሩ እስኪደክም ድረስ በየወሩ እየመጣ ስለ አያቴ ያስታወሰውን ይነግረኝ ነበር። ብዙ አልነበረም።