ያልቀመስነው ቋሊማ

ጓደኛዬ ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው አፓርታማዬ የመጣችው በአንድ እጇ የሥጋ መፍጫ ማሽን፣ በሌላው እጇ ሥጋ የሞላባቸው ፌስታሎች ይዛ ነበር። ሰላምታ ሳትሰጠኝ አልፋኝ ወደ ኩሽና ገባች።

«እማዬ አባረረችኝ» አለች ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

«ከቤት?»

«ከነሥጋዬ! ‹በሁዳዴ እቤቴ ሥጋ አይፈጭም› አለችኝ። ሬንት የምከፍለው እኔ፣ ቤቱ የእሷ።»

«እውነታቸውን እኮ ነው።»

«አንቺም ከእሷ ጋር ነሽ? በይ ማሽኑ የሚሰካበትን አሳዪኝ።»

ጓደኛዬ ወደ አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ፣ አንድ ሥጋ ቤት ውስጥ ሠርታለች። እዚህ ከመጣች ወዲህ ግን ሥራዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ትኬት መቀበል ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ የመኪና ጭስ ስትምግ ትውላለች። ሳሉ ክረምት ከበጋ አይለቃትም። ሐኪሟ ሌላ ሥራ እንድትፈልግ ከነገራት ቆይቷል። እሷም ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው ሌላ የመኪና ማቆሚያ ነበር።

እዚያ መኪና ከሚያቆሙት ደንበኞች አንዱ በአሮጌው የአሌክሳንድሪያ ሰፈር የእንግሊዝ መጠጥ ቤት ያለው እንግሊዛዊ ነው። አንድ ቀን በስልክ ሲያማርር ሰማችው። አሳማ የማይበሉ ደንበኞች በዝተውበታል፤ ከበሬ ሥጋ ደህና የእንግሊዝ ቋሊማ የሚሠራለት ሰው ግን አጥቷል። ጓደኛዬ ትኬቱን በመስኮት እየተቀበለች «እኔ እሠራዋለሁ» አለችው። ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ። ሊድስ ምን ትሠራ እንደነበር ስትነግረው ግን መሳቁን ተወ። «ሐሙስ አምጪልኝና ልቅመሰው» አላት። «ጥሩ ከሆነ ኩሽናዬ ውስጥ ሥራ አለሽ።»

ሐሙስ የተባለው የእነሱ ፋሲካ ሊገባ ሲል ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካቸው ከእኛ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ስለነበር እኛ ገና የሁዳዴ እኩሌታ ላይ ነበርን። ችግራችን የመጣው ከዚህ ነው። ሁለታችንም ጾመኞች ነን። ሥጋውን መንካት፣ መፍጨት፣ መጥበስ እንችላለን፤ መቅመስ አንችልም።

«ሳትቀምሺ ጥሩ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«የፋሲካን ዶሮ ወጥ ማን ቀምሶት ያውቃል? በማሽተት ነው። የእማዬ አፍንጫ ጨው ያነሰውን ወጥ ከደጅ ይለየዋል። እኔም የእሷ ልጅ ነኝ።»

«ወጥ ትኩስ ነው፤ እንፋሎቱ ይነግርሻል። ይሄ እኮ ከፍሪጅ የወጣ ጥሬ ሥጋ ነው።»

ጎንበስ ብላ ሥጋውን አሸተተችው። ቀና አለች። ደግማ አሸተተችው።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ዝም አለኝ። እንግዲያው የሚቀምስ ሰው ፈልጊ። ሰው መፈለግ አይደል ሥራሽ?»

ሥራዬ ዜና ዘጋቢነት ነው። የሚቀምስልን ሰው ለማግኘት ግን ብዙ አልደከምኩም። ከኮሪደሩ ማዶ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። በራቸውን አንኳኩቼ ጉዳዩን ስነግራቸው ጥያቄ እንኳን አላበዙም። በስንት ሰዓት መምጣት እንዳለባቸው ብቻ ጠይቀው በሩን ዘጉ።

ስመለስ ጓደኛዬ ሥራ ጀምራለች። ሥጋውን የገዛችው ሴቨን ኮርነርስ ካለ ሥጋ ሻጭ ነው፤ በጨው የተያዘውን የበግ አንጀትም እዚያው አግኝታለች። አንጀቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ሥጋውን ታጠራለች። ጅማቱን፣ ሽፋኑን፣ ስቡን አንድም ሳታስቀር እየላጠች ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ትጥላለች። የቀረው ክትፎ የሚያስመኝ ቀይ ሥጋ ነበር።

«ሊድስም እንዲህ ነበር የምታጠሩት?» አልኳት።

አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች። ከእኛ ሌላ ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም።

«እዚያማ ያጭበረብሩ ነበር። እኔ አንጀት ሞልቼ ማሰር ብቻ ስለነበር ሥራዬ አፌን ዘግቼ አያለሁ። ባለቤቱ ስቡን አብሮ ይፈጨዋል። ከዚያ የዳቦ ፍርፋሪ በጆንያ ያመጣና ይደፋበታል! በሥጋ ስም ለሰው ዳቦ ማብላት ነውር አይደለም?»

«ደንበኞቹስ ምን ይሉ ነበር?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ መንገድ ድረስ ይሰለፋሉ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አያውቁም!»

የተፈጨው ሥጋ ላይ ጨው፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ ገውዝና እንግሊዞች ከቋሊማ የማያጎድሉት ሴጅ የሚባል ቅጠል ጨመረች። ቀጥላ እጇ ወደ ቅመም መደርደሪያዬ ሲሄድ አየሁት።

«ትንሽ ሚጥሚጣ ብናደርግበትስ?»

«ዱለት ልታደርጊው ነው?»

«ለእነሱ ብዬ እኮ ነው» አለችና እጇን መለሰች።

ሥጋውን አንጀት ውስጥ ስትሞላ ግን ሌላ ሰው ሆነች። አንጀቱን ማሽኑ አፍ ላይ እንደ ካልሲ ሰብስባ አለበሰችው። ሥጋው እየገፋ ሲወጣ በሁለት ጣቷ እየያዘች፣ እየለካች፣ ሦስት ሦስቱን እያጠማዘዘች አሠረችው። ዓይኗ እጇ ላይ አልነበረም፤ ስለ ታናሽ እህቷ ሠርግ ታወራኝ ነበር። እነዚህ እጆች ትኬት ሲቀበሉ እንጂ እንዲህ ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም።

ሽማግሌው በሰዓታቸው መጡ። ሦስቱን ጠብሰን በሳህን አቀረብንላቸው። እኛ ከፊታቸው ቆመን የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ እናያቸዋለን። ቆረጡ፣ ጎረሱ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አኘኩ።

«በጣም ግሩም ነው» አሉ።

ጓደኛዬ ክንዴን ጨመቀችኝ። እኔ ግን ሳህናቸውን ነበር የማየው። ሁለተኛውን ጉርሻ ከመጀመሪያው አሳነሱት። ውኃ ጠጡ። አሁንም ውኃ ጠጡ። ከዚያ የቀረውን በናፕኪን ሸፈን አደረጉትና ስለ አየሩ ጠየቁን።

በሥራዬ ከሚዋሽ ሰው ይልቅ የሚያስቸግረኝ ጨዋ ሰው ነው። የሚዋሽ ሰው የሚደብቀው ነገር አለውና ቆፍሮ ማግኘት ይቻላል። ጨዋ ሰው ግን የሚደብቀው ያንተን ጉድለት ነው፤ እሱን ማውጣት እንደ መሳደብ ይከብደዋል። «በእውነት ጥሩ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «አዎ» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖራቸውም። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«ልጅ ሆነው እናትዎ የሚሠሩልዎት ከዚህ በምን ይለያል?»

ፊታቸው ተፈታ። «እናቴ ቁርስ ስትጠብስ ከፎቅ ሆኜ፣ አልጋዬ ውስጥ እሰማው ነበር» አሉ። «መጥበሻው ላይ ያወራል። ስቡ ይንቸሰቸሳል፣ ቆዳው ይፈነዳል። የምነሳው እሱን ሰምቼ ነው።» ናፕኪኑን ተመለከቱት። «ይሄኛው ትንሽ... ዝምተኛ ነው።»

«ሌላስ?»

«ያኛው ለስላሳ ነበር። ዳቦው ነው መሰለኝ የሚያለሰልሰው።»

«ዳቦ?» አለች ጓደኛዬ። «እናትዎም ዳቦ ይጨምሩበት ነበር?»

«እናቴማ ከሥጋ ቤት ነበር የምትገዛው። ግን ያለ ዳቦ ምኑን ቋሊማ ሆነ? የስቡን ጭማቂ ይዞ የሚያስቀረው እሱ አይደል?»

እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ ጓደኛዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቆሻሻ መጣያውን ታያለች።

«ስንት ዓመት ሙሉ የሊድሱን ሰውዬ በሆዴ ሌባ ስለው ኖርኩ» አለች።

«ደውይና ይቅርታ ጠይቂው።»

«ሞቷል እኮ።»

«እንግዲያው ስቡን መልሺለት።»

አልሳቀችም። ሳሉ መጣባትና እስኪያልፍላት ጠበቅኩ። «ተይው በቃ» አለች። «ነገ ባለ መጠጥ ቤቱ ሲመጣ አልቻልኩም እለዋለሁ። መጥበሻ ላይ እንኳን ድምፅ የሌለው ነገር ይዤለት ልሂድ? ተመልሼ እዚያው ሳጥኔ ውስጥ ስቀመጥ በየቀኑ በመስኮት እያየኝ ሊያልፍ?»

«ምኑ እንደጎደለ አሁን አውቀናል። ጠዋት አላወቅንም ነበር። ሐሙስ ደግሞ ገና ነው።»

«አንቺ ሁሉም ነገር ዜና ይመስልሻል።»

«ማክሰኞ ሺፍትሽ በስንት ሰዓት ያልቃል?»

መልሱን ነገረችኝ። ተስፋ እንዳልቆረጠች በዚህ አወቅኩ።

ማክሰኞ ፍሪምባ ይዛ መጣች፤ ጮማው እንዳለ ነው። እኔ ያደረ ዳቦ ኦቨን ውስጥ አድርቄ አድቅቄ ጠብቄያታለሁ። ሥጋውን ከነስቡ ፈጨችው። የዳቦውን ሳህን አንስታ ግን ቆመች።

«በስመ አብ» ብላ አማተበች። «ለሰው እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።»

«ጨምሪው።»

«ኃጢአቱ ባንቺ ነው» አለችና ገለበጠችው። ቀጥላ የበረዶ ውኃ ጨመረችበት፤ ድብልቁ እጇ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ አሸችው።

የመጀመሪያውን መጥበሻ ላይ ስታስቀምጠው ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጆሯችንን አቀረብን። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከሥሩ ቀስ ብሎ ጀመረው፤ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ስቡ ሲንጣጣ ወደ ኋላ ሸሸን። ጓደኛዬ ጭልፋውን ይዛ «አወራ! ሰማሽው? አወራ!» እያለች ኩሽናው ውስጥ ዞረች። የጾመ ሆዴ ያን ሽታ እንዴት እንዳሳለፈው እኔ ነኝ የማውቀው።

ሽማግሌውን ልጠራ በሩን ስከፍት ኮሪደሩ መሀል ደርሰው ነበር። ተቀመጡና አንድ ቃል ሳይናገሩ በሉ። አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን ሳንጋብዛቸው አነሱ። ሰናፍጭ አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ሹካቸውን አስቀምጠው ወደ ጓደኛዬ ዞሩ።

«ጨው አንሶታል» አሉ። «ገውዙም ትንሽ በዝቷል።»

ጓደኛዬ በአማርኛ «እንዴ! እሑድ ‹ግሩም ነው› ያሉት ሰውዬ ናቸው?» አለችኝ።

እኔ ደስ አለኝ። ጨዋ ሰው ጉድለትህን ፊት ለፊት የሚነግርህ የቀረው ትንሽ መሆኑን ሲያምን ነው። ጨውና ገውዙን አስተካክላ ለሐሙስ የሚሆነውን ያን ዕለት ሠራችው።

ሐሙስ ጓደኛዬ ፈቃድ ወሰደች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ቋሊማውን ራሱ ኩሽና ገብቶ ጠበሰው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ይዞት መጣና በላ። ፊቱ ላይ ምንም አላነበብኩም። ግማሹን ሲጨርስ ቀና ብሎ ጓደኛዬን አያት።

«አንቺ ስትቀምሺው እንዴት አገኘሽው?»

ወደ እኔ ተመለከተች። «ጥሩ ነው» ብትለው ኖሮ ማንም አያውቅባትም። እኔም አፌን አልከፍትም ነበር።

«አልቀመስኩትም» አለችው። «ጾም ላይ ነኝ።»

ሹካውን አስቀመጠ። «ያልቀመስሽውን ነው ያመጣሽልኝ?»

«አዎ። የሚቀምስልኝ ሰው ግን ነበረኝ፤ ያገርህ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን አልወደዱትም። ስቡን አውጥቼ፣ ዳቦውንም ትቼ ነበር የሠራሁት። ጣልኩትና እንደገና ሠራሁ። ይሄ ሁለተኛው ነው።»

«ዳቦውን ለምን ተውሽው?»

«ማጭበርበር መስሎኝ።»

ሰውዬው ወንበሩን ገፋ አድርጎ ከልቡ ሳቀ። ጓደኛዬ ግን አልሳቀችም፤ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች።

«ጾሙ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ገና አንድ ወር አለው።»

«እስከዚያ አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ እቀምሳለሁ» አላት። «እቤት የተሠራ ሥጋ እዚህ መሸጥ አይፈቀድልኝም። እዚሁ መጥተሽ ነው የምትሠሪው። መጀመሪያ በሳምንት ሦስት ጠዋት፤ ከሄደልን እንጨምራለን። ከእኛ ፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ መጀመር ትችያለሽ?»

ሦስት ጠዋት ሙሉ ሥራ አይደለም። ለጊዜው ከሳጥኑ ሙሉ በሙሉ እንደማትወጣ ሦስታችንም ገብቶናል። ጓደኛዬ ግን ስለ ሌሎቹ ቀናት አልጠየቀችም።

«መፍጫችሁ የት ነው?» አለችው።

ሰውዬው በእጁ ወደ ኋላ በር አመለከተ። ኮቷን እንኳን ሳታወልቅ ተነስታ ገባች፤ እሱም ተከተላት። እኔ ከሳህኑ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ከበሩ ጀርባ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። ቀጥሎ ድምፅዋ መጣ፤ ከእኔ ጋር የማትናገረው የሊድስ እንግሊዝኛዋ ነበር።

«ይሄን ቢላዋ የሚስለው ማን ነው?»

ትንሽ ቆይቶ ብረት በብረት ላይ ሲሳል ሰማሁ።