የጠሃ መዳፍ

ጠሃ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮና ስልክ ሲጠግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የሙቀት መለኪያ ግዛ ሲሉት ይስቃል። የጠገነውን ዕቃ ግማሽ ሰዓት ያሠራዋል፤ ከዚያ መዳፉን ለጥፎበት «ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም» ይላል። እጁን ሳያነሳ ከጨረሰ ዕቃው ደህና ነው፣ ይዘው ይሂዱ። «ጠሃ ነክቶታል» ከተባለ ማን ይጠራጠራል!

ይህ መዳፍ ግን በጋለ የመበየጃ ብረት ስንቴ ተጠብሷል። ቆዳው ጠጥሮ የጫማ ሶል አክሏል። እሱ ደግሞ አንድም ቀን ልብ አላለውም።

ባለፈው የካቲት አዴ ዘይቡ የሚባሉ አሮጊት ከጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ትንሽ ሬዲዮ አመጡ። ቁርኣን የሚያደምጡባት ናት፤ ቻርጅ ላይ ሆና እንኳ ከእጃቸው አትለይም። የኋላ ፕላስቲኳ ተሰባብሯል። ጠሃ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ገጠመላት፤ ባትሪዋንም በትልቅ ቀየረው። አምሮባታል፣ አይካድም። መዳፉን አሳረፈ፣ ጨረሰ፣ ሰጣቸው። ሥራው ደስ ስላለው ለሌላ ደንበኛም እንዲሁ በቆርቆሮ ሁለተኛ ሠራ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ናኢማ ምሳ ይዛለት መጣች። ቻርጅ ላይ ያለውን ያን ሁለተኛ ሬዲዮ አነሳችና ወረወረችው።

«ውይ አባ! ያቃጥላል እኮ!»

«አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ» ብሎ እጁን አሳረፈ። ለብ ያለ ነው። የልጅቷ ጣቶች ግን ቀልተዋል። እስቲ ብሎ በእጁ አንጓ፣ ለስላሳው ቆዳ ላይ አስነካው።

«ያ ረቢ!» ብሎ ዘለለ።

ቆርቆሮ ሙቀቱን ከፕላስቲክ ይልቅ ቶሎ እንደሚያቀብል ሻይ በጣሳ የጠጣ ሁሉ ያውቃል። እሱም ያውቃል። ያላወቀው እጁን ነው።

ሱቁን ለናኢማ ትቶ በባጃጅ በረረ። አዴ ዘይቡ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሬዲዮዋ በግራ እጃቸው ናት፣ ገመዷ ከሶኬቱ አልተነቀለም። ቀኝ መዳፋቸው ውኃ ቋጥሯል።

«አዴ፣ ማሎ፣ እባክዎ ያስቀምጧት! እያቃጠለችዎ ለምን ያዟት?»

«እሷ ነች እንዴ?» አሉ ደንግጠው። «አንተ ነክተህ ደህና ናት ብለኸኝ የለ? እኔማ እጄ የታመመ መስሎኝ። ስኳር እጅ ያቃጥላል ሲሉ ሰምቼ፣ ነገ ሐኪም ቤት ልሄድ ነበር።»

ጠሃ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሬዲዮዋን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«አይሂዱ አዴ፤ የእርስዎ እጅ ደህና ነው። የታመመው የኔ ነው።»