ያልሄድኩባቸው እሑዶች

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን እየተናዘዝኩ ይቺን አልፌያታለሁ። አሁንም የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ደርግ የውጭ ሰዎችን ንብረት ሲወርስ የምሠራላቸው ጣሊያኖች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ፤ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ሮም ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ልጅ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። የኔ የምለው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የሺን አስመጣኋት። የሺ ኮልፌ አጥር የሚጋሩን የእትዬ በላይነሽ አንድ ልጅ ናት። ሥራ ያገኘሁላት እኔ፤ «አይዞዎት፣ እኔ አለሁላት» ብዬ ለእናቷ የጻፍኩትም እኔ። ዓመት ሳይሞላት ሳንባዋን ታመመችና ከከተማ ውጭ፣ ኮረብታ ላይ ያለ ሆስፒታል አስተኟት። እትዬ በላይነሽ በሰው እጅ አስጽፈው ላኩብኝ። የለመኑኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሑድ እሑድ እየሄድኩ እንዳያት።

አንድ እሑድ ሄድኩ። አንድ ብቻ። ከስታለች፤ ፀጉሯን አሳጥረዋታል፤ ቋንቋቸውን በቅጡ በማትሰማው ሴቶች መሀል ተኝታለች። እጅጌዬን ይዛ አልለቅም አለች፤ ያላቀቀችን ነርሷ ናት። በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ ብያት ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ አውቶቡስ ስጠብቅ የአገሬ ልጆች እየተሳሳቁ ባሕር ሊሄዱ አገኙኝ። አብሬያቸው ሄድኩ። በባዶ እግሬ ውሃው ውስጥ ቆምኩ። ማንም አልጠራኝም፤ ማንም አላዘዘኝም። ማግስቱን ለእትዬ በላይነሽ ጻፍኩላቸው፤ «ትናንት የሺን ጠየቅኋት። ብርቱካን ወሰድኩላት። ፊቷ መለስ ብሏል» ብዬ። ስለ ፊቷ ምን አውቄ? ስልክ እንኳ አልደወልኩም።

በቀጣዩም እሑድ ባሕር ሄድኩ። ብርዱ ሲመጣ ሲኒማ ሄድኩ፤ ጭፈራ ሄድኩ። ሰባት ወር ሙሉ አልሄድኩም፤ ሰባት ወር ሙሉ እንደሄድኩ ጻፍኩ። ብትሞትስ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም? ጠይቄያለሁ። ጠይቄው ነው የቀረሁት።

የሺ አልሞተችም። ሲሻላት ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ አገሯ ገባች። አልሸኘኋትም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለእረፍት መጣሁ። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወርጄ ሰፈር ስገባ እትዬ በላይነሽ ደጅ ወጥተው ይጠብቁኛል። አንገቴን አቅፈው አለቀሱ፤ ላገኙት ጎረቤት ሁሉ «ልጄን ያተረፈችልኝ እሷ ናት» እያሉ አሳዩኝ። ቤት አስገብተውኝ ደብዳቤዎቼን ከሣጥን አወጡ። እኔ በሌለሁበት በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በገዛ ዓይናቸው መጀመሪያ ያነበቡት ወረቀት የኔ ደብዳቤ ነው። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። የሺ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ውሸቴን ከሳቸው አፍ ሰማሁት።

ብርቱካኑ ጋ ሲደርሱ ቀና አሉና፣ «ትዝ ይልሻል፣ የሺ?» አሏት።

የሺ አየችኝ። «ጣፋጭ ነበር» አለች።

ስወጣ በር ድረስ ሸኘችኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ለእናቴ ብዬ ነው፤ ላንቺ አይደለም» አለች። ቀጥላም፣ «እሑድ እሑድ የት ነበርሽ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ባሕር» አልኳት።

«ውሃው ይሞቃል?»

«በበጋ ይሞቃል።»

ራሷን ነቀነቀችና ተመልሳ ገባች። አሁን ትዳር ይዛ ሳንሱሲ ነው የምትኖረው። እኔም ጠቅልዬ አገሬ ከገባሁ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ቤቴን ግን ረግጣ አታውቅም። እትዬ በላይነሽም እስኪሞቱ መረቁኝ። ምርቃታቸውን አንዱንም ሳልመልስ አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ይህን የሚሰማ ሰው ልጅ ነበርሽ ይለኝ ይሆናል። ሥራው ጎድቶሽ ነው፣ በሽታው እንዳይጋባብሽ ፈርተሽ ነው የሚለኝም አይጠፋም። አልቀበልም። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በሽታውንም አልፈራሁትም። ባሕር ስለሄድኩ ማንንም ይቅርታ አልለምንም፤ ከሳምንቱ ያ ቀን የኔ ነበር። ደብዳቤውን ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለእሱ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሴት ምንም ሳያውቁ አፈር ገብተዋል፤ እናንተ በሳቸው ፋንታ ይቅር እንዳትሉኝ።

ከሁሉ የደበቅኩት ደግሞ ይሄ ነው። በነዚያ እሑዶች አልተጸጸትኩም፤ የሺም ትዝ ሳትለኝ ቀርታ አይደለም። ትዝ እያለችኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።